ያረጀ የጦር መሣሪያ ወዴት ይሄዳል? ከሽምብራ ቁሬ ሜዳ እስከ ቢሾፍቱ ፋብሪካ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአዳማ ከተማ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ፣ በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ የሚታየውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን አንጠልጥለው ጠበል ለመቅዳት ተራ ይይዛሉ። በዚያ ዕቃ የተቀዳው ጠበል ወደ ቤት ይገባል፤ ሕመምተኛ ይጠመቅበታል፤ ሕፃናት ይጠጡታል። ዕቃው ራሱ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ጀሪካን የጦር ሜዳ ልጅ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጀርመን ጦር ለታንክና ለካሚዮን ነዳጅ ማመላለሻ ያሠራው፣ 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ማርከውት መልካምነቱን ስላዩ አስመስለው ሠሩት። ጀርመናውያንን በቅጽል ስም “ጄሪ” ይሏቸው ነበርና ዕቃውም በዚሁ ስም ተጠራ። ጦርነቱ አለቀ፤ ብረቱ በፕላስቲክ ተተካ፤ ለታንክ ነዳጅ የተሠራው ዕቃም የጠበል መቅጃ ሆነ።

ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። ሰዎች እርስ በርስ ለመዋጋት የሚሠሯቸው መሣሪያዎች ሲያረጁ፣ አዲስ ሲተካቸው ወይም ጦርነቱ ሲያበቃ ወዴት ይሄዳሉ? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ይዘን በቅዱሳት መጻሕፍት እንጀምራለን፤ ከዚያም የምንኖርበትን የአዳማንና የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን ታሪክ እንመለከታለን።

በቅዱሳት መጻሕፍት ያረጀ መሣሪያ

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መሣሪያ ሲናገሩ ፍጻሜውንም ይነግሩናል። የጎልያድ ሰይፍ የመጀመሪያው ምሳሌ ነው። ዳዊት ጎልያድን በወንጭፍ ጥሎ በራሱ በጎልያድ ሰይፍ አንገቱን ከቆረጠ በኋላ፣ ያ ሰይፍ በኖብ በእግዚአብሔር ቤት ተቀመጠ። በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በስተኋላ እንደ ነበረ ተጽፏል (1ኛ ሳሙ. 21፥9)። ዳዊት ከሳኦል ፊት በሸሸ ጊዜ ግን ካህኑን መሣሪያ ጠየቀው፤ ያንኑ ሰይፍ አንሥቶም ሄደ። ልብ እንበል፤ ሰይፉ በተቀደሰ ስፍራ ብዙ ጊዜ ተቀምጧል፤ የተለወጠው ግን ቦታው ብቻ ነበር። ሰይፍ እንደ ሆነ ስለ ቆየ፣ የሚያነሣው እጅ ሲመጣ ወደ ውጊያ ተመለሰ።

ነቢዩ ሕዝቅኤል ሌላ ፍጻሜ ያሳየናል። በምዕራፍ 39 የተሸነፈው ጦር ጋሻ፣ ቀስትና ጦር ማገዶ እንደሚሆን፣ ሕዝቡም ሰባት ዓመት በዚያ እሳት እያነደደ ከዱር እንጨት እንደማይለቅም ይናገራል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 2፣ ነቢዩ ሚክያስም በምዕራፍ 4 ሰይፍና ጦር በአንጥረኛ እጅ ወደ ማረሻና ወደ ማጭድ የሚለወጡበትን ዘመን ያውጃሉ። በትንቢተ ኢዩኤል ምዕራፍ 3 ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ በዚያ ማረሻው ሰይፍ እንዲሆን ይቀጠቀጣል።

እንግዲህ ብረቱ አንድ ነው፤ አንጥረኛውም ያው ነው፤ መንገዱ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ክፍት ነው። ያረጀ መሣሪያ በጥቅሉ ሦስት ዕጣ አለው። ወይ ወደ ሌላ ጦርነት ይሻገራል፤ ወይ በወደቀበት ዝጎ አደጋ ይሆናል፤ ወይ ተለውጦ ለሕይወት ያገለግላል። ሦስቱንም በሀገራችን እናገኛቸዋለን።

በሽምብራ ቁሬ ሜዳ

ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ሞጆን አልፎ ወደ ቢሾፍቱ ሲቃረብ ጤፍና ሽምብራ የሚበቅልበትን ሰፊ ሜዳ ያያል። በ1521 ዓ.ም. በዐፄ ልብነ ድንግልና በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት መካከል የሽምብራ ቁሬ ውጊያ የተደረገው በዚሁ አካባቢ ነው። በውጊያው የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ። ጦርነቱ እየቀጠለ ሲሄድ ኢማሙ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከቱርኮች በኩል ጠመንጃና መድፍ አገኘ። በ1533 ዓ.ም. ደግሞ በክርስቶፎር ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ያህል ፖርቱጋሎች ጠመንጃና መድፍ ይዘው ወደ ንጉሡ ወገን መጡ። በ1535 ዓ.ም. ኢማሙ በወይና ደጋ ሲወድቅ ጦርነቱ አበቃ። በሁለቱም ወገን የተተኮሰው መሣሪያ ከውጭ የመጣ ነበር፤ የሞተው ሕዝብ ግን የአንድ ምድር ልጅ ነበር።

ከዚያ ሜዳ ወደ ደቡብ በተዘረጋው ሸለቆ የዝዋይ ሐይቅ ይገኛል። በሐይቁ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሰዎችና የገዳማቱ አባቶች ሲያወርሱት በመጣው ትውፊት መሠረት፣ በዮዲት ዘመንም ሆነ በዚህ ጦርነት ጊዜ ካህናት ንዋያተ ቅድሳትንና መጻሕፍትን ይዘው ወደ ደሴቶቹ ተሰድደዋል። በቱሉ ጉዶ ደሴት የሚገኘው የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳም እስከ ዛሬ ጥንታውያን የብራና መጻሕፍትን ጠብቆ ይገኛል። በሽምብራ ቁሬ ሜዳ የወደቀው ሰይፍና ጋሻ አፈር ሆኗል። በታንኳ ተጭኖ የተሻገረው ብራና ግን ዛሬም ይነበባል። ከጦርነት ሸሽቶ የሚወጣ ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር ለትውልድ የሚተርፈውን እንደሚወስን ከዚህ እንረዳለን።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ከአንዱ ጦርነት ወደ ሌላው

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ጠመንጃዋን በየጥቂቱ ዓመት ትለውጥ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 “ግራ” የተባለውን ጠመንጃ ለሠራዊቷ አደለች፤ ከ12 ዓመት በኋላ ግን “ለበል” በሚባል አዲስ መሣሪያ ተካችው። አሮጌው ጠመንጃ ምን ሆነ? አልተጣለም፤ ተሸጠ። ከተሸጠባቸው ሀገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። አያቶቻችን “ውጅግራ” ሲሉ የሚጠሩት ጠመንጃ ይኸው ነው፤ ስሙም ከፈረንሳይኛው “ፊዚ ግራ” የተወሰደ ነው።

ከዚህ ንግድ ጋር ስሙ የሚነሣው አንዱ ሰው ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ግጥም መጻፍ ትቶ ነጋዴ የሆነው ራምቦ በ1879 ዓ.ም. 2,000 ያህል ያረጁ ጠመንጃዎችን በግመል ጭኖ ከታጁራ ተነሣ፤ በረሃውንና የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ ለንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ወደ ሸዋ ገባ። ብዙ ወራት የፈጀው ጉዞ ለነጋዴው ትርፍ አላመጣለትም። በአውሮፓ ዘመኑ ያለፈበት ጠመንጃ ግን በሸዋ ተፈላጊ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያውያን ከየአቅጣጫው በተሰበሰበ አሮጌና አዲስ ጠመንጃ ወራሪውን የጣልያን ጦር በዐድዋ ድል ነሡ። ስለዚህ ያረጀ መሣሪያን ሁሉ በአንድ ቃል መኰነን አይቻልም። ለዚህ ሀገር ነጻነት የተዋደቁ አባቶች በእጃቸው የነበረው፣ ሌላው ዓለም አርጅቷል ያለው ብረት ነበር። በዚያ ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦት አብሮ መዝመቱን ቤተ ክርስቲያን ትዘክራለች።

ጠመንጃው ግን ከዐድዋ በኋላ አልሞተም። የጠመንጃ ዕድሜ ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣልና ከአባት ወደ ልጅ ተላለፈ፤ ለሀገር ነጻነት የተያዘው ብረት ከጊዜ በኋላ በደም መመላለስ በጎረቤት ላይ የተተኮሰበት ጊዜም ነበር። ልክ እንደ ጎልያድ ሰይፍ ከግድግዳው ወርዶ የሚያነሣው እጅ ይጠብቃል።

በዘመናችን ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየን ክላሽንኮቭ ነው። ንድፉ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የወጣ፣ ከ75 ዓመት በላይ ያስቆጠረ መሣሪያ ነው። በአንድ ጦርነት የተማረከው በሌላው ይተኮሳል፤ ያም ሲያልቅ ድንበር ተሻግሮ ይሸጣል። የመሣሪያው ፈልሳፊ ሚካኤል ክላሽንኮቭ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን በተገኘበት ጊዜ፣ ለገበሬ የሚጠቅም ማሽን፣ ለምሳሌ የሣር ማጨጃ፣ ፈልስፎ ቢሆን ይመርጥ እንደ ነበር ተናግሯል። በስተርጅናውም ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ለአቡነ ኪሪል ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ጠመንጃው የብዙ ሰው ሕይወት ስለ ቀጠፈ፣ ጠላት እንኳ ቢሆኑ ለሞታቸው እርሱ ተጠያቂ ይሆን እንደ ሆነ በመንፈስ ጭንቀት ይጠይቃል። ክላሽንኮቭ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2013 ዐረፈ፤ ደብዳቤውም በቀጣዩ ወር በጋዜጣ ታተመ።

ቤተ ክርስቲያኒቱ በቃል አቀባይዋ በኩል፣ ሀገርን ለመጠበቅ የተሠራን መሣሪያና የሠራውን ሰው እንደምትደግፍ መልሳለች። ጥያቄው ግን በመልሱ የሚያበቃ አይመስልም። ሠሪው ለሀገር መከላከያ ብሎ የሠራው ጠመንጃ ከእጁ ከወጣ በኋላ በማን እጅ እንደሚገባ፣ በማን ላይ እንደሚተኮስ ሊያዝበት አልቻለም። እኛም ዛሬ አንድ ጠመንጃ ገዝቶ በቤቱ የሚያስቀምጥ ወንድማችን፣ ያ ጠመንጃ ከእርሱ በኋላ በማን እጅ እንደሚገባ ሊያውቅ እንደማይችል እናስብ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ዝገትና የተደበቀ አደጋ

ሁሉም መሣሪያ አዲስ ባለቤት አያገኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የሀገር ባለሙያዎች እንዲሠሩት ያዘዙት “ሴባስቶፖል” የተባለው ታላቅ መድፍ እጅግ ብዙ ሕዝብ እየጎተተው ገደልና ወንዝ አልፎ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲወድቁ ያ ሁሉ ድካም የፈሰሰበት መድፍ አላዳናቸውም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ በአፈር ውስጥ ተጋድሞ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ በስማቸው በተሰየመው አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

ሴባስቶፖል ዝም ብሎ ተኝቷል። ፈንጂ ግን አይተኛም። የጣልያን ወረራ፣ የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ፣ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. የተደረገው የኤርትራ ጦርነት፣ ከዚያም ወዲህ ያሉት ግጭቶች በሀገራችን ምድር ያልፈነዳ ጥይት፣ ቦምብና የተቀበረ ፈንጂ ትተዋል። ኢትዮጵያ ፀረ ሰው ፈንጂን የሚከለክለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1997 ዓ.ም. አጽድቃ፣ በመጋዘን የነበሯትን ከ30 ሺህ በላይ ፈንጂዎች በ2001 ዓ.ም. አስወግዳለች። በመጋዘን ያለውን ማስወገድ ይቻላል፤ ተቆጥሯልና። የከፋው በማሳና በግጦሽ መሬት ተበትኖ የቀረው ነው።

ይህ የድንበር አካባቢ ችግር ብቻ አይምሰለን። ከዱከም እስከ አዳማ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ብረት የሚያቀልጡና የሚጠቀልሉ ፋብሪካዎች ተተክለዋል። ቁራሌው በየመንደሩ እየዞረ የሚሰበስበው፣ ነጋዴው ከሩቅ ሀገር በመኪና የሚያመጣው ቁርጥራጭ ብረት እዚህ ይደርሳል። ከብረቱ መካከል ያልፈነዳ ነገር ቢኖር የሚሰበስበውን ልጅ፣ የሚጭነውን ወዛደር፣ በምድጃው ፊት የቆመውን ሠራተኛ ይገድላል። በኪሎ የሚሸጥ ብረት ያገኘ ድሀ ልጅ በእጁ የያዘው ምን እንደ ሆነ አያውቅም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ለታናናሾቻችሁ ንገሩ። ከመሬት የወጣ፣ የዛገ፣ እንደ ጥይት፣ እንደ ጣሳ ወይም እንደ ኳስ ያለ የማይታወቅ ብረት ያገኘ ሰው አይንካው፤ አይምታው፤ ወደ እሳት አይጣለው። ቦታውን ከሩቅ ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ያመልክት። የጎረቤቱን ልጅ ከሞት የሚያድን አንድ ቃል መናገር ከምጽዋት አያንስም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ለሕይወት የተለወጠ

በአዳማ ዙሪያ የሦስተኛው መንገድ ምስክር ብዙ ነው። የመጀመሪያው የቆቃ ግድብ ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ሀገራችንን ወርሮ ለአምስት ዓመት ያደረሰው ጥፋት በገንዘብ የሚተመን አይደለም። ሆኖም በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። በኋላም ሁለቱ መንግሥታት ተደራድረው ከተስማሙበት የካሣ ገንዘብ በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብና የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ፤ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከሞጆ ወደ ዝዋይ ስንጓዝ የምናየው ሐይቅ የዚያ ግድብ ውኃ ነው። መርዝ ጋዝ በዘነበበት ጦርነት የተጠየቀው ዕዳ ብርሃን ሆኖ በየቤቱ ገባ።

ሁለተኛው ምስክር በቢሾፍቱ ነው። ከጣልያን መባረር በኋላ የኢትዮጵያ አየር ኃይል በቢሾፍቱ ሲደራጅ፣ አብራሪዎቹን ካሠለጠኑት መካከል ዋነኛው ስዊድናዊው ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን ነበር። እርሱ ከዚያ አስቀድሞ በ1928 ዓ.ም. በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ለመርዳት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው የጦር አውሮፕላን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል፤ በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ለቢያፍራ ወገን ቆሞ ትንንሽ አውሮፕላኖችን ሮኬት አስታጥቆ ተዋግቷልና። በ1966 ዓ.ም. በሀገራችን ረኃብ በበረታ ጊዜ ግን መኪና ወደማይደርስባቸው ተራሮች በተመሳሳይ ትንንሽ አውሮፕላኖች እየበረረ የእህል ከረጢት ጣለ። ሮኬት ሊንጠለጠልበት በሚችል ክንፍ ሥር እህል ተንጠለጠለ። ቮን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በጎዴ፣ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ጥቃት ሞተ።

ሦስተኛው ምስክር የፋብሪካዎቹ ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 በእስራኤል ምድር አንጥረኛ እንዳይኖር ፍልስጥኤማውያን እንደ ከለከሉ፣ ሕዝቡም ማረሻውን እንኳ ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ይወርድ እንደ ነበር ተጽፏል። መሣሪያውን ከሌላው የሚጠብቅ ሀገር ይህ ይገጥመዋል። በ1969 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ በተለያዩ ጊዜ፣ ከአሜሪካ የተገኙት ታንኮችና የቢሾፍቱ የጦር አውሮፕላኖች መለዋወጫ የሚያገኙበት በር ተዘጋ። ብረቱ ገና አላረጀም ነበር፤ የወዳጅነት መቋረጥ አስረጀው። ከሶቪየት ኅብረት አዲስ መሣሪያ በብዛት ገባ፤ ያም በተራው ጥገና ፈለገ። ደርግ በቢሾፍቱ ታንክ የሚያድስ “ፕሮጀክት 40720” የሚባል ፋብሪካ አቋቋመ። በዚያው ከተማ ያለው የጠመንጃ ፋብሪካም የዐፄ ቴዎድሮስን የመድፍ መሥሪያ ስፍራ ስም ወርሶ “ጋፋት” ተባለ።

በአዳማ ደግሞ በዚያው ዘመን በሶቪየት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተተከለ። የቢሾፍቱው ታንክ አዳሽ ፋብሪካ፣ ጋፋትና የአዳማው ትራክተር ፋብሪካ በ2002 ዓ.ም. የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሲቋቋም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ። ጠመንጃና ማረሻ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ ተጻፉ። ከዓመታት በኋላ የጦሩና የሲቪሉ ሥራ እንደገና ተለያየ። በዚህ መካከል ግን ታንክ ሲያድስ የኖረው የቢሾፍቱ ፋብሪካ የከተማ አውቶቡስ መገጣጠም ጀመረ። በአዲስ አበባ መንገዶች “ቢሾፍቱ ባስ” ተብሎ የታወቀው አውቶቡስ የመጣው ከዚያ ነው። የታንክ ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የተማረ እጅ ተማሪንና ሠራተኛን ለሚያመላልስ መኪና አገለገለ። ኢሳይያስ ያየው ዘመን መጣ አንልም፤ የጠመንጃ ፋብሪካው አልተዘጋምና። ነገር ግን የእጅ ጥበብ ከጦር ወደ እርሻና ወደ መንገድ ሊሻገር እንደሚችል በዓይናችን አይተናል።

በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል፣ በተለይ በትግራይ፣ በአንዳንድ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ የተተኮሰ የመድፍ ጥይት ቀለህ በገመድ ተንጠልጥሎ የደወል አገልግሎት ሲሰጥ ይታያል። ናሱ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። አንድ ጊዜ ሰውን ለመበተን የጮኸው ናስ ዛሬ ሰውን ለጸሎት ይሰበስባል።

ከብረት ይልቅ የሰው ነገር

እስከዚህ የተናገርነው ስለ ብረት ነው። ጦርነት ግን ከብረት የሚበልጥ ነገር ይተዋል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከ400 ሺህ በላይ የሚሆን ሠራዊት ተበተነ። ታንኩ ወደ አዲስ ባለቤት ሄደ፤ ጠመንጃው ተሰብስቦ ተቈጠረ። ሰውየውስ? በመንግሥት የተቋቋመው ኮሚሽን ብዙዎችን ወደ እርሻቸው መለሰ፤ በሬና ዘር ያገኙም ነበሩ። ብዙዎች ግን የደንብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ በየከተማው ጎዳናና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ለምጽዋት እጃቸውን ዘረጉ። በእነዚያ ዓመታት ያደጉ ወላጆቻችን ያስታውሱታል።

በስምጥ ሸለቆ፣ ከቡልቡላ ብዙም ሳይርቅ፣ አላጌ የሚባል ስፍራ አለ። በደርግ ዘመን በጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት በዚያ በተቋቋመው የሕፃናት አምባ አድገዋል። ስፍራው በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆኗል። አባቶቻቸውን ጦርነት የወሰደባቸው ልጆች ያደጉበት ምድር ዛሬ የእርሻ ትምህርት ይሰጥበታል። ማረሻ የሆነው እዚህ ሰይፍ ብቻ አይደለም፤ የኀዘን ስፍራም ጭምር ነው።

ለብረት የሚያቀልጠው እሳት፣ የሚለውጠው ፋብሪካ አለው። ለሰው ግን ፋብሪካ የለውም። ከጦርነት የተመለሰ፣ አካሉ የጎደለ፣ ሌሊት የሚባንን፣ ሥራ ያጣ ወንድም ተለውጦ እንደገና ለሕይወት የሚያገለግለው ሰው ሲቀርበው፣ ንስሐ አባት ሲያደምጠው፣ ማኅበር ሲያቅፈው ነው። ባለፉት ዓመታት በሀገራችን የተደረጉት ጦርነቶችም እንዲህ ያሉ ብዙ ወጣቶችን ትተውልናል። በየአጥቢያችን አሉ፤ አንዳንዶቹ በመካከላችን ተቀምጠው ይዘምራሉ፤ አንዳንዶቹ ከበሩ ውጪ ቆመዋል።

ምን እናድርግ?

ከዚህ ታሪክ ለሕይወታችን የምንይዘው ቢያንስ ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ መሣሪያን የክብር ምልክት አድርገን አንመልከተው። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ጥይት ተመልሶ የሚወድቅበት ቦታ አለው። አባቶቻችን በዐድዋ የተዋደቁት ለነጻነት ነው፤ ልናከብረው የሚገባውም ያንን ነው። ያረጀ ጠመንጃ በቤት ያለው ሰው ሕጉ በሚያዝዘው መንገድ ያስመዝግብ ወይም ያስረክብ፤ ለልጁ ከብረቱ ይልቅ ታሪኩን ያውርስ።

ሁለተኛ፣ በሙያ ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ በአዳማም ሆነ በቢሾፍቱ፣ በሞጆም ሆነ በሻሸመኔ፣ የእጃችሁ ጥበብ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሄድ እንደሚችል እወቁ። ብየዳም፣ ቅርጽ ማውጣትም፣ ሞተር መጠገንም ከእግዚአብሔር የተሰጠ መክሊት ነው። የሠራችሁት ዕቃ ከእናንተ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ እንደ ክላሽንኮቭ እስከ እርጅና የሚቆይ ጥያቄ አይሁን።

ሦስተኛ፣ በአጥቢያችሁ ከጦርነት የተመለሰ ሰው ካለ ስሙን ጠይቁ። በየበዓሉ ምጽዋት መስጠት መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አብሮ መቀመጥ፣ ሥራ ማፈላለግ፣ ወደ ንስሐ አባቱ ማድረስ ይቻላል። ለዕቃ ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ ለሰውም ከዚያ ያላነሰ ልናደርግ ይገባናል።

በሚቀጥለው በዓል ጠበል ለመቅዳት ስንሰለፍ በእጃችን ያለውን ጀሪካን እንመልከተው። ለጦርነት ተሠራ፤ ዛሬ ግን ጠበል ይቀዳበታል። ግዑዙ ዕቃ በሰው እጅ እንዲህ ከተለወጠ፣ በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረው ሰው በፈጣሪው እጅ እንዴት አይለወጥም?

የሰላም አለቃ መድኃኔ ዓለም ለሀገራችን ሰላምን፣ ለሞቱት ዕረፍትን፣ ለቆሰሉት ፈውስን ይስጥልን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።